የአማን በጋ፣ የአዲስ አበባ ክረምት፦ ወደ ወላጆቹ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ ታዳጊ ምን ይዘጋጅ?

በሰኔ ወር የአማን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የዕረፍቱ ወራት ሲጀምሩ፣ በከተማዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ልጁ ዘንድሮ አገሩን አይቶ ይምጣ ወይ?» በማርካ፣ በጀበል ሑሴን ወይም በሃሺሚ ሸማሊ ተወልዶ ላደገ የ14 ወይም የ16 ዓመት ታዳጊ፣ ወላጆቹ «አገር ቤት» የሚሉት ቦታ በስልክ ብቻ የሚያየው ቦታ ነው። አያቱን በመልካቸውና በድምፃቸው ያውቃቸዋል፤ ጉልበታቸውን ስሞ ግን አያውቅም። ለወላጆቹ መመለስ የሆነው ጉዞ ለእሱ የመጀመሪያው የውጭ አገር ጉዞ ነው። ዝግጅቱም ከዚህ መነሣት ይኖርበታል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ወላጆቹ አብረውት አይሄዱም። የሥራ ውል፣ የቀጣሪ ፈቃድ ወይም የቲኬት ዋጋ ያግዳቸዋል፤ ልጁን ከዘመድ ጋር፣ አንዳንዴም ብቻውን ይልኩታል። ታዳጊው በዚህ ጊዜ ከእንግድነቱ በላይ የቤተሰቡ መልእክተኛ ይሆናል። ዓመታት ያስቆጠረ ናፍቆት በእሱ በኩል ይገለጻል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሻንጣ ከመሙላት ያለፈ ነው። ለመሄድ ብቻ ሳይሆን ለመመለስም የሚያበቁ ሰነዶችን ማሟላት፣ የወቅቱንና የሰዓቱን ልዩነት ማወቅ፣ ከዘመድ ጋር የሚያገናኘውን ቋንቋና ወግ መለማመድ ያስፈልጋል።

አንድ ዕረፍት፣ ሁለት ወቅት

የትምህርት ቤቶቹ ዕረፍት በዐረብኛ «ዑጥላ ሰይፊያ» ይባላል፤ የበጋ ዕረፍት ማለት ነው። ያንኑ ዕረፍት አማርኛ «የክረምት ዕረፍት» ይለዋል። ሁለቱም አጠራሮች ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ሰማይ ነው። አማን ዝናቧን የምታገኘው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከሜዲትራኒያን ባሕር በኩል ከሚመጣ ደመና ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ የቀኑም ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ግን በእነዚሁ ሁለት ወራት የዓመቱን ከፍተኛ ዝናብ ትቀበላለች። ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱም እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ይቀዘቅዛል።

ልዩነቱን የሚያሰፋው ደግሞ የከፍታው ጉዳይ ነው። አማን በኮረብቶች ላይ የተሠራች ብትሆንም አብዛኛው ክፍሏ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 እስከ 1,100 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀላል ራስ ምታትና ድካም ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ብዙ ውሃ መጠጣትና የመጀመሪያውን ሁለትና ሦስት ቀን ዐርፎ ማሳለፍ በአብዛኛው ይበቃል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ግን ከመጓዙ በፊት ሐኪሙን ሊያማክር ይገባል።

«አፍሪካ ሞቃት ናት» የሚለውን በትምህርት ቤት የሰማ ልጅ ሻንጣውን በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ሞልቶ ሊነሣ ይችላል። የሚያስፈልገው ግን ወፍራም ጃኬት፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ በቂ ካልሲና ጃንጥላ ነው። ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጎንደር ገጠር የሚዘልቅ ከሆነ ጭቃ እንደሚጠብቀው፣ በክረምት አንዳንድ የገጠር መንገዶች ለቀናት ሊዘጉ እንደሚችሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በዚህ ምክንያት ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚመለስበት ቀን ከበረራው ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን ቢቀድም ይመረጣል። የሚሄድበት አካባቢ መንገድና ጸጥታ ምን እንደሚመስልም በዚያ ከሚኖሩ ዘመዶች ቀደም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከቲኬቱ በፊት ሰነዱ

ብዙ ቤተሰቦች ዝግጅቱን በቲኬት ይጀምራሉ። መቅደም ያለበት ግን «ልጁ እንዴት ይመለሳል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከዮርዳኖስ መውጣትና ወደ ዮርዳኖስ ተመልሶ መግባት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የታዳጊው ኢቃማ ብዙውን ጊዜ ከወላጁ ሕጋዊ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። የወላጅ የሥራ ፈቃድ ወይም ተስሪህ የሚያበቃው ልጁ አገር ቤት እያለ ከሆነ፣ የልጁ መመለስ ችግር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የወላጁም ሆነ የልጁ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ከመመለሻው ቀን በቂ ጊዜ አልፎ መገኘቱን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው በሕዝብ ደኅንነት ዳይሬክቶሬት ሥር ያለው የኢቃማና የድንበር መሥሪያ ቤት ነው። «እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ቃል የዚህን መሥሪያ ቤት መልስ አይተካም።

ፓስፖርቱም እንዲሁ ነው። አየር መንገዶችና መሸጋገሪያ አገሮች በአብዛኛው ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው እንዲሆን ይፈልጋሉ። የልጆች ፎቶግራፍ ቶሎ ያረጃል፤ በ9 ዓመቱ የተነሣው ልጅ በ14 ዓመቱ ሌላ መልክ ይዞ ይቀርባል። እድሳቱ ጊዜ ስለሚወስድ ጉዳዩን በሰኔ ሳይሆን በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመር ይሻላል። በረራው በሦስተኛ አገር የሚያልፍ ከሆነም የመሸጋገሪያ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት መጣራት አለበት።

ታዳጊው ያለ ወላጅ የሚጓዝ ከሆነ በካቲብ አድል ፊት የተፈረመ የወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ መያዙ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። በደብዳቤው ላይ ልጁን ይዞ የሚሄደው ሰው፣ በአዲስ አበባ የሚቀበለው ሰው፣ የሁለቱም ስልክ፣ እንዲሁም የመሄጃውና የመመለሻው ቀን ይጻፋሉ። በአየር መንገዶች አሠራር 12 ዓመት የሞላው ልጅ በአብዛኛው እንደ አዋቂ ይከፍላል፤ ይሁን እንጂ ብቻውን ለሚጓዝ ታዳጊ አጃቢ እንዲመደብለት ሊጠየቅ ይችላል። ይህም ቲኬቱ ሲገዛ የሚጠየቅ እንጂ በበረራው ዕለት የሚታሰብ አይደለም።

በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የተመዘገቡ ቤተሰቦች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ጥበቃ የጠየቀ ሰው ወደሸሸበት አገር መሄዱ የምዝገባውን ሁኔታ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከውሳኔ በፊት ኮሚሽኑን ማማከር ግድ ነው።

ስምና የልደት ቀን፦ በሁለት ፊደልና በሁለት አቆጣጠር

ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ሲሻገር ስም መልኩን ይለውጣል። ዐረብኛ «ፐ»፣ «ጨ» እና «ኘ» የሚባሉ ድምፆችን የሚጽፍባቸው የራሱ ፊደላት የሉትም። «ጴጥሮስ» ወደ «ቡትሩስ» ይጠጋል፤ «ጌታቸው» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። ከዚያ ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ሲይዝ፣ በዮርዳኖስ የተለመደው ከእነዚህ በኋላ የቤተሰብ ስም መጨመር ነው። በዚህ የተነሣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ኢቃማውና ፓስፖርቱ አንድን ልጅ ሦስት ሰው ሊያስመስሉት ይችላሉ። መፍትሔው ሁሉንም ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከርና፣ ልዩነት ከተገኘ፣ በሕግ በታወቀ ተርጓሚ አስተካክሎ ማስተርጎም ነው። በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም ግን ምንጊዜም በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የሰፈረው ነው፤ ፊደል አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትምም።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው የልደት ቀኑ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ በ8 ዓመት ያንሳል። በጥር 2002 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በአውሮፓው አቆጣጠር የ2010 ልጅ ናት። «2002» የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ በዐረብኛው ቅጽ ላይ ከሰፈረ፣ ልጅቱ በአንድ ብዕር ስሕተት 8 ዓመት ትጨምራለች። የ16 ዓመት ተማሪ በወረቀት ላይ የ24 ዓመት ሴት ትሆናለች። እንዲህ ያለው ስሕተት በአውሮፕላን ማረፊያ መስኮት ላይ ከተገኘ ጉዞውን ያስቀራል፤ ቀደም ብሎ ከተገኘ ግን ይታረማል።

አባት ከአንድ አገር፣ እናት ከሌላ ሲሆኑ

በአማን ከዮርዳኖሳዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱ ታዳጊዎችም አሉ። በ1954 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የዮርዳኖስ የዜግነት ሕግ ዜግነት ከአባት ይወረሳል፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ደግሞ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትቀበልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፣ በትውልድ ምክንያት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ እንደሚቆጠር ይደነግጋል።

ለጉዞው ይህ ምን ማለት ነው? በዮርዳኖስ ፓስፖርት የሚሄድ ታዳጊ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ከዚያ ባለፈ፣ ከ18ኛው ልደቱ በኋላ ትልቅ ምርጫ እንደሚጠብቀው ከወዲሁ ማወቅ አለበት። የእናቱን አገር በዓይኑ ማየቱ ያን ምርጫ በዕውቀት እንዲያደርገው ይረዳዋል።

ቲኬቱ በየትኛው ሰዓት ይናገራል?

ዮርዳኖስ ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዓቷን በየወቅቱ መቀያየር ስላቆመች፣ አማንና አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ይመራሉ። የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። የሚለየው አጠራሩ ነው። በአማን ጠዋት «ሳዓ ሰማንያ» ማለትም 8 ሰዓት የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አጎቱ «ነገ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ያለው ልጅ ከቀትር በኋላ ቢጠብቀው አጎቱ ግማሽ ቀን ቆሞ ይውላል።

በቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በቲኬቱ ላይ «ጁላይ 15፣ 01:30» ተብሎ ቢጻፍ፣ በአማርኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ ከቤት የሚወጣው በጁላይ 14 ምሽት ነው። በ15ኛው ቀን ማታ የሚነሣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ሄዶ ወደ አንድ ቀን ሊጠጋ ሲል ይደርሳል። አገር ቤት ለሚቀበሉት ዘመዶች ሲነገርም በሁለቱም አቆጣጠር መንገር ይገባል፤ ጁላይ 15 ቀን 2026 ለእነሱ ሐምሌ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

የንግሥት ዓሊያ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከአማን በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመድረስ የመንገዱን መጨናነቅ ማሰብ ያስፈልጋል፤ በዕረፍቱ ወራት ሰልፉም ይረዝማል።

ጤና፣ ሻንጣና አደራ

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለምትገኝ፣ ተመላሹ መንገደኛ የክትባት ካርድ ሊጠየቅ ይችላል። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረስበት አይደለም። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ከወባ ነፃ ናት፤ ታዳጊው ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ግን ስለ መከላከያው ሐኪም ማማከርና በአጎበር መተኛት ያስፈልገዋል። ከተመለሰ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዘው፣ ለሐኪሙ ከኢትዮጵያ መምጣቱን መናገር የመጀመሪያው ነገር ነው፤ በአማን ወባ በቶሎ የሚጠረጠር በሽታ አይደለምና።

ጉዞው ሲሰማ አደራው ይበዛል። አንዱ ለእናቱ መድኃኒት፣ ሌላዋ ለእኅቷ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። መረዳዳቱ መልካም ነው፤ ሕጉ ግን ሻንጣውን የሚጠይቀው ከባለቤቱ ነው። ታሽጎ የመጣ ዕቃ መቀበል አይገባም። እያንዳንዱ ዕቃ በወላጅ ፊት ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ ይታሸጋል። በመመለሻውም እንዲሁ ነው። በርበሬና ሽሮ በጥሩ ሁኔታ ይታሸጋሉ፤ መንገደኛ ከኢትዮጵያ ይዞት የሚወጣው ቡና የመጠን ገደብ ስላለው ቀድሞ ይጠየቃል። ጫት በኢትዮጵያ በግልጽ ቢሸጥም በዮርዳኖስ የተከለከለ ነው፤ «ለአንድ ሰው አድርስልኝ» የተባለ ልጅ ራሱንም ወላጆቹንም ከባድ ችግር ውስጥ ይከታል።

የሚቀበለው ሰው ስም፣ ስልክና የሰፈር አድራሻ በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ተጽፎ በኪሱ ይያዝ። ባትሪ ይሞታል፤ የዮርዳኖስ ሲም ካርድም ቦሌ ላይ ላይሠራ ይችላል።

«አንተ» እና «አንቱ»

በአማን ያደገ ልጅ አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን ዐረብኛ ይቀናዋል። የአማን ዐረብኛ አባትንም ጓደኛንም «ኢንታ» ብሎ ይጠራል፤ አክብሮቱን «ዓሞ»፣ «ኻልቶ» በሚሉ መጠሪያዎች ይገልጻል። አማርኛ ግን አክብሮቱን በግሡ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ልጁ ከልቡ እያከበራቸው አያቱን «ተቀመጥ»፣ «ብላ» ሊላቸው ይችላል። ሰውየው ባይቆጡ እንኳ በዙሪያው ያለው ሰው ዝም ይላል፤ ልጁም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ያፍራል። ከሁሉ ነገር በፊት «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»፣ «እንደምን አደሩ»፣ «ደኅና ነዎት» የሚሉትን ይለማመድ። ለማያውቃቸው ታላላቆች «ጋሼ» እና «እትዬ» ይበቁታል።

እንግዳ ቢሆንም ባዶ እጁን አይደለም። ቤትና «በይት»፣ ነፍስና «ነፍስ»፣ ሰማይና «ሰማ» ወንድማማች ቃላት ናቸው። በቡና ሥርዓት ላይ አቦልና ቶና አልፈው ሦስተኛው ሲቀዳ «በረካ» ሲባል የሚያውቀውን ቃል ይሰማል። ሦስተኛው ሳይቀዳ መነሣት እንደማያስመሰግን ግን አስቀድሞ ይነገረው።

ጉዞው በነሐሴ ከሆነ የሚያርፍበት ቤት የፍልሰታን ጾም ይዞ ሊያገኘው ይችላል። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 22 ይቆያል፤ ሻዋርማ የለመደ ልጅ ሽሮና ምስር ይቀርብለታል። በነሐሴ 13 የቡሄ ልጆች ጅራፍ እያጮኹና «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ከፍልሰታ በኋላ ላሊበላ በአሸንድዬ፣ ዋግ ኽምራ በሻደይ ልጃገረዶች ይደምቃሉ። የአማን የዕረፍት ወራት ከእነዚህ በዓላት ጋር መገጣጠማቸው ለታዳጊው ትልቅ ዕድል ነው።

ወላጆች ሊነግሩት የሚገባ

ለመናገር የሚከብዱ፣ ግን ሊቀሩ የማይገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ስለ ሐዘን ነው። ወላጆቹ በስደት ሳሉ አያት ወይም አጎት ሞተው ከሆነ፣ ዘመዶች ልጁን ሲያዩ ሊያለቅሱ ይችላሉ። ቀብር ላይ ላልደረሰው ወላጅ የተያዘው ልቅሶ ልጁ ደጃፉን ሲረግጥ ይወጣል። ምክንያቱን የማያውቅ ልጅ ይደነግጣል፤ የተነገረው ልጅ ግን አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተና ምን እንደሚባል፣ ቢያንስ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» የሚለውን፣ ይወቅ።

ሁለተኛው ስለ ገንዘብ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ውጭ አገር የሚኖር ሁሉ የተረፈው ይመስለዋል። ልጁም በስልኩ ያለውን ፎቶ እያሳየ ሳያስበው ያንኑ ግምት ያጠናክራል። እናቱ በሰው ቤት ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ የአባቱ ደመወዝ የቤት ኪራይ ተከፍሎ ምን እንደሚተርፈው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። «እኔንም ውሰደኝ» ለሚለው የአክስት ልጅ ቃል መግባት የእሱ ሥልጣን አይደለም። «ለእናቴ እነግራታለሁ» ብሎ መመለስ በቂ ነው፤ እውነትም ነው።

የዮርዳኖስ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በአብዛኛው በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ በመሆኑ፣ ታዳጊው ብዙውን ጊዜ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ይመለሳል። አደይ አበባውን ላያይ ይችላል። ሰነዶቹ ተሟልተው፣ ጃኬቱን ይዞና «አንቱ» ማለትን ተምሮ ከሄደ ግን፣ በስልክ ብቻ ሲያናግራቸው የነበሩትን አያቱን አጠገባቸው ተቀምጦ ያጫውታቸዋል። አማን ሲመለስም እናቱ የምትጠይቀው ብዙ ነገር ይኖራታል። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ያየውን ይነግራታል።